ደመወዝ የሌለው ከሳሽ

አጎትየው አገር ቤት ዕድሜያቸውን በዐቃቤ ሕግነት ያሳለፉ፣ አሁን ሜሪላንድ ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እናት የእሳቸው የመጨረሻ ታናሽ እኅት ነች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት ትሠራለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ልጅቱ የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮዎች አንዱ ከሰኔ ጀምሮ ለ10 ሳምንት በተለማማጅነት ተቀብሏታል። ክፍያ የለውም። እሑድ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። (በንግግሩ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እናት፦ ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ሥራ አገኘሁ ስትለኝ እልልታዬን ሳልጨርስ ደመወዝ የለውም አለችኝ። እኔ ደመወዝ የሌለው ሥራ የማውቀው የቤት ውስጡን ነው።

አጎት፦ የት ነው የተቀበሉሽ?

ተማሪ፦ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው ጋሼ፤ የፌዴራሉ።

አጎት፦ እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ይኼማ ሹመት ነው። ስንቱ ለዚህ ወንበር ይጋፋል መሰለሽ?

እናት፦ ተጋፍተው የሚቀመጡበት ወንበር ኪራይ ይከፍላል ወይ?

አጎት፦ ኪራዩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ሕጉን እንየው። አንቺ፣ ዓመት ሙሉ ሕግ ተማርሽ፤ ለመሆኑ መንግሥት ሰው በነፃ እንዲያሠራ ይፈቀድለታል?

ተማሪ፦ በመርሕ ደረጃ አይፈቀድለትም። ከ1884 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መቀበል አይችልም።

አጎት፦ ለሠራተኛው ታዝኖ?

ተማሪ፦ ኧረ አይደለም። ሹማምንቱ በጀታቸው ሲያልቅ ሰው በነፃ ያሠሩና ቆይተው ኮንግረስ ፊት ቀርበው «ለፍተዋልና ይከፈላቸው» ይሉ ነበር። ኮንግረስ ያልፈቀደውን ዕዳ ተሸክሞ ይገኛል። ክልከላው ካዝናውን ለመጠበቅ ነው።

አጎት፦ (እየሳቁ) እንደዚያ በይኛ። ታዲያ አንቺ በየት በር ገባሽ?

ተማሪ፦ በ1978 የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ሲሻሻል ለተማሪ ተከፈተ። ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቢያንስ በግማሽ ጊዜ የተመዘገበ ተማሪ መሆን፣ ምንም አለመከፈል፣ የመደበኛ ሠራተኛ ቦታ አለመተካት። ተማሪው እንደ መንግሥት ሠራተኛ አይቆጠርም፤ ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ካሣ ያገኛል፣ በሥራው ሰው ቢጎዳ ደግሞ ተጠያቂው መንግሥት ነው።

እናት፦ እግሯ ሲሰበር ይከፍሏታል፣ እግሯ ሲሠራ አይከፍሏትም?

ተማሪ፦ እማዬ ደግሞ!

እናት፦ ምን አጠፋሁ? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። እና የሠራተኛ ቦታ አይተካም የምትይው፣ አንቺ የምትሠሪውን አንቺ ባትኖሪ ማን ይሠራው ነበር?

ተማሪ፦ ማንም። ወይም ዐቃቤ ሕጉ ራሱ፣ አርብ ማታ። ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያስረውን ካሜራ ቀረጻ ሰዓት በሰዓት ማየት፣ የዋስትና መቃወሚያ ማርቀቅ፣ የቅጣት አስተያየት መጻፍ፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የተሰጡ ፍርዶችን መፈለግ። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ቡና አመላላሽ አያደርጉኝም።

እናት፦ ቡና ብታመላልሺ ይሻል ነበር። ቡና የምታመላልስ ልጅ እንኳ ጉርሻ አላት።

አጎት፦ አየሽ እኅቴ፣ አንቺ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አትቁጠሪው። በ1957 ዓ.ም. ግድም የጀመረ አንድ ነገር ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት አገር ያገለግል ነበር። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኛው በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ አስተማረ። እኔን የመደቡኝ ፍርድ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማላውቅ ልጅ አገሬን ያየሁት ያኔ ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጬ ችሎት ሄጃለሁ።

እናት፦ በነፃ?

አጎት፦ አበልማ ነበረን።

እናት፦ አሃ!

አጎት፦ ኧረ እሱ ለምግብና ለቤት ነው፤ የሚያኮራ አይደለም።

እናት፦ እኔስ የጠየቅሁት ሌላ ምንድን ነው? ምግብና ቤት።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ከአበሉ የሚበልጥ ልዩነትም አለው። እርስዎ ዘመን አልሄድም ማለት ይቻል ነበር?

አጎት፦ ዲግሪ ካልፈለግሽ። የባላባቱም ልጅ ሄዷል፣ የቄሱም ልጅ ሄዷል። ሁላችንም ተመደብን።

ተማሪ፦ ነጥቡ እሱ ነው። እዚህ ማንም አይመደብም። አቅም ያለው ይሄዳል። ከእኔ ክፍል ለዚሁ ዓይነት ቦታ ያመለከተች ልጅ አለች፤ አባቷ ትልቅ የሕግ ድርጅት ውስጥ ሸሪክ ነው፣ ክረምቱን የምትኖርበት አፓርታማ አስቀድሞ ተከፍሎላታል። ከእኔ የተሻለ ውጤት ያለው ሌላ ልጅ ደግሞ ተቀብለውት ሳለ ትቶ ምግብ ቤት ሊሠራ ሄደ። አሁን በማመልከቻው ላይ እሱ «አስተናጋጅ» ብሎ ይጽፋል፣ እሷ «የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ» ብላ ትጽፋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቋሚው ቦታ ሲወዳደሩ ማን እንደሚጠራ እርስዎም ያውቁታል።

አጎት፦ ድጎማ የለም እንዴ? እንዲህ ዓይነት ሀብታም አገር።

ተማሪ፦ ትምህርት ቤቱ ለሕዝብ አገልግሎት ብሎ የሚሰጣት ትንሽ ገንዘብ አለች፤ ለሁሉም አትደርስም። ጥቂት ክፍያ ያላቸው የፌዴራል ቦታዎችም አሉ፣ ውድድራቸው ሌላ ነው። ሌላው መንገድ ክሬዲት ነው። ልምምዱ እንደ ትምህርት ይቆጠራል፤ ለ1 ክሬዲት ቢያንስ 42.5 ሰዓት መሥራት ነው።

አጎት፦ ይኼ ደኅና ነው። አገር ቤትም አሁን የአምስት ዓመቱ የሕግ ትምህርት ውስጥ ኤክስተርንሺፕ አለ አይደል? ተማሪው ፍርድ ቤት ወይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይላካል፣ ውጤት ይያዝለታል።

ተማሪ፦ እዚህ ግን ክሬዲት ይገዛል፣ ጋሼ። ለየክሬዲቱ የትምህርት ክፍያ እከፍላለሁ።

እናት፦ ምን አልሽ? ከፍለሽ ልትሠሪ?

ተማሪ፦ በብድር። እስከ 2016 ድረስማ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ክሬዲት የሚያዝለት ተማሪ ደመወዝም እንዳይቀበል ይከለክል ነበር። አሁን ለትምህርት ቤቶቹ ተትቷል። መንግሥት ግን ባይከለከልም አይከፍልም።

እናት፦ እንግዲህ ልብ አርጉልኝ። ልጄ ትበደራለች፣ እኔ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ተጨማሪ ሌሊት እገባለሁ። የፌዴራል መንግሥቱን የምደጉመው እኔ ነኛ!

(ጸሐፊው እዚህ ላይ ጣልቃ ቢገባ ይፈቀድለት። ስለ ነፃ ልምምድ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን ተለማማጁን ብቻ ያያል። የሌሊት ፈረቃ የምትጨምረው እናት በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የለችም። የምታምንበትንም የማታምንበትንም ክስ ስትደጉም ታድራለች።)

አጎት፦ ልክ ነሽ፤ ይኼን አልክድም። እንዲያውም የድሮ ነገር አስታወስሽኝ። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ሳይመጣ በፊት ዳኛ ከቤተ መንግሥት የወር ደመወዝ አልነበረውም። ተሟጋቹ ችሎት ላይ ይወራረዳል፤ «በማር»፣ «በበቅሎ»፣ «በፈረስ» ይላል። የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ሙግት በተካረረ ቁጥር ማሩ ይበዛል። ዳኛው ታዲያ ሰው ቶሎ ታርቆ እንዲሄድ ለምን ይፈልጋል? መንግሥት ያልከፈለውን ሌላ ሰው ይከፍለዋል፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ሳያውቀውም ቢሆን ወንበሩ ላይ ድርሻ አለው።

ተማሪ፦ እኔ ላይ ድርሻ ያላት እማዬ ናት እንግዲህ።

አጎት፦ ባንቺስ ደኅና ነው። የሌላዋ ግን የአባቷ ድርጅት አይደለም?

ተማሪ፦ የጥቅም ግጭት ደንብ አለ፤ ያስፈርሙናል። ዜግነት ይጠየቃል፣ አሻራ፣ የኋላ ታሪክ፣ የዕፅ ጥያቄ ሁሉ አለ። ሙስናውን አይደለም የምፈራው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ሳይገባ እንደሚቀር ነው። ዋሽንግተን ከሌላው ከተማ ይለያል፤ ሌላ ቦታ የሰፈር ወንጀል የሚከሰሰው በካውንቲ ወይም በግዛት ዐቃቤ ሕግ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ግን የአዋቂ ሰውን ከባድ ወንጀል፣ ዝርፊያም ግድያም፣ የሚከሰው የፌዴራሉ ቢሮ ነው። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ካለው ድኃ ሰፈር የተያዘ ወጣት ላይ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለው ሰው፣ ክረምት በነፃ መሥራት ከቻለ ቤት የመጣ ነው ማለት ነው።

አጎት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ከድኃ ቤት የወጣ ዐቃቤ ሕግ ይራራል ያለሽ ማነው? እኔ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ጨካኞች ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን የተማሩ ናቸው። «እኔ ችዬ አልሰረቅሁም፣ እሱ ለምን ሰረቀ» ይላሉ። የሀብታም ልጅ አንዳንዴ እንዲያውም እፍረት አለው።

ተማሪ፦ ርኅራኄ አላልኩም። ማወቅ ነው ያልኩት። ለምሳሌ ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀረ እንበል። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው «ቀጠሮ አላከበረም» ነው። የዋስትና መቃወሚያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሌላዋ ልጅ ያን ስታነብ ሸሸ ትላለች። እኔ ምን እንደምል እማዬን ይጠይቋት።

እናት፦ የትራፊኩን ነው? ያን ጊዜ ሁለት ፈረቃ ደርቤ ነበር። ተተኪ አልመጣችም፤ ሽማግሌውን ጥዬ ወዴት ልሂድ? ሌላም ጉድ አለበት፤ ቀጠሮው ለ9 ሰዓት ነበር፣ እኔ ከሰዓት መስሎኝ ነበር፤ የእነሱ 9 ጠዋት ነው። ለዚያች ለመብራት መጣስ ማዘዣ ሊያወጡብኝ ምንም አልቀራቸውም።

ተማሪ፦ ይኸው። ይኼ ከሕግ መጽሐፍ አይገኝም።

አጎት፦ (ዝም ብለው ቆይተው) ይሁን። ግን ያ ዕውቀት አንቺ ብትገቢ ነው የሚገባው። ስለዚህ ግቢ ማለት አይደለም?

ተማሪ፦ እሱ ነው የሚያስቸግረኝ። ከገባሁ አሠራሩን በእማዬ ትከሻ አጸናሁት። ካልገባሁ ወንበሩን ለዚያች ልጅ ለቀቅሁላት።

እናት፦ ትከሻዬን ለኔ ተዪልኝ።

አጎት፦ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የምትጽፊውን ማን ያነብልሻል?

ተማሪ፦ ኃላፊ ይመደብልኛል።

አጎት፦ መመደብ አላልኩም። እስቲ ልንገርሽ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የምርመራ መዝገብ ደረሰኝ። የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ከነጋዴ ቡና ሰርቆ ሸጧል ተብሎ። ሁለት የዓይን ምስክር አለ፣ የፖሊስ ሪፖርት አለ። እኔ ክሱን በአንድ ቀን አርቅቄ በኩራት ለአለቃዬ አቀረብኩ። ሰውየው ክሱን ገለጥ አላደረገውም። «የሁለቱን ምስክሮች ቃል ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ፊደል የተገደፈባት ቃል አለች፤ ያቺው ግድፈት በመጀመሪያውም ቃል ላይ፣ በዚያው ቦታ። ሁለት ሰው በተለያየ ቀን አየሁ ያለውን መርማሪው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ገልብጦታል። ምስክሮቹ ፊርማቸው አውራ ጣት ነው፤ ምን እንደተጻፈ አያውቁም። አለቃዬ ምንም ሳይቆጣ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አወጣ፤ የ1954ቱን። አንቀጽ 38ን አሳየኝ፤ መዝገብ ሲደርስህ መክሰስ ብቻ አይደለም፣ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ ትችላለህ አለኝ። መለስኩት። ተጨማሪው ሲመጣ ምስክሮቹ በቦታው እንዳልነበሩ ታወቀ። በአንቀጽ 42 ማስረጃው ለጥፋተኝነት አይበቃም ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ መዝገብ ጮክ ብዬ ሳላነብ ከስሼ አላውቅም። ዘበኛውን አንድም ቀን አላየሁትም።

ተማሪ፦ እዚህም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1935 ይኼንኑ ብሏል፤ የዐቃቤ ሕጉ ጥቅም መርታት ሳይሆን ፍትሕ መሠራቱ ነው። በ1963 ደግሞ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ካለ መስጠት ግዴታው ሆነ።

አጎት፦ ሁለቱም ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፤ የሚማሩት ግን ከሰው አጠገብ ተቀምጠው ነው። አንድ ዐቃቤ ሕግ በሳምንት አንዴ ካንቺ ጋር ተቀምጦ፣ የጻፍሽውን በቀይ እየሰረዘ፣ ለምን እንደሰረዘው ከነገረሽ ተከፍሎሻል። ይኼ ከሌለ፣ ቀረጻ ስትመለከቺ ከርመሽ የምስክር ወረቀት ይዘሽ ልትወጪ ከሆነ፣ አሠሩሽ እንጂ አላስተማሩሽም።

ተማሪ፦ ለግል ድርጅት የወጣው መለኪያም እንዲሁ ነው። በፊልም ሥራ ላይ በነፃ ያገለገሉ ወጣቶች ኩባንያውን ከሰው ነበር፤ በ2015 ኒው ዮርክ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከሁለቱ ይበልጥ የተጠቀመው ማን ነው ተብሎ ይመዘን አለ። በ2018 የሠራተኛ ሚኒስቴሩም ያንኑ ያዘ። መንግሥት ግን በዚያ ሚዛን ላይ አይወጣም።

አጎት፦ ዳኛውም ሚዛኑም የሱ ሆኖ!

ተማሪ፦ ሲፈልግ ግን ይችላል። የኋይት ሐውስ ተለማማጆች በ2022 መጸው ይከፈላቸው ጀምሮ ነበር። ከሁሉ የገረመኝን ልንገርዎት? ተመርቆ ፈቃድ ያለው ጠበቃም በነፃ የሚሠራበት አለ። ልዩ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ይባላል። ከ2011 እስከ 2014 ቅጥር በታገደበት ጊዜ ብዙ ወሬ ነበረበት፤ ቢሮዎቹ ሙሉ ቀን የሚሠራ፣ ችሎት የሚቆም፣ ደመወዝ የሌለው ሰው ፈልገው ማስታወቂያ ያወጡ ነበር።

አጎት፦ ቃለ መሐላ ፈጽሞ?

ተማሪ፦ ፈጽሞ።

አጎት፦ በሰው ላይ እስራት የሚጠይቅ ሰው?

ተማሪ፦ አዎ።

አጎት፦ ይኼስ አይሆንም። ተማሪ ይማራል፤ እሺ። በመንግሥት ስም የሰው ነፃነት ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው ግን ራቱን ከየት እንደሚበላ መንግሥት ማወቅ አለበት። እኔ ደመወዜ ትንሽ ነበረች፤ ግን ነጋዴው ጓሮ ሄጄ አልቆምኩም።

እናት፦ እኔ ደግሞ አንድ የምጠይቀው አለኝ። አማርኛ እንደምትችል ያውቃሉ?

ተማሪ፦ ማመልከቻዬ ላይ አለ። ቃለ መጠይቁ ላይም ደስ አላቸው።

እናት፦ ደስ ይበላቸው እንጂ! እዚህ አገር አበሻ ስንት ነው?

ተማሪ፦ ይኼን እኔም አስቤበታለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ውስጥ ስፓኒሽ የምትችል ልጅ ነበረች። ጽሑፍ ልትማር ገብታ ክረምቱን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ እስረኞች ለቤተሰብ የሚደውሉትን ስልክ ስታዳምጥ ከረመች። እስር ቤት ያለ ስልክ ይቀዳል፤ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያውን ያሰማል፣ ሰው ግን እናቱን ሲያገኝ ይረሳዋል። ቋንቋ አዋቂ ሲያገኙ ለምን ብለው አስተርጓሚ ይቀጥራሉ? ፍርድ ቤት የሚቀጥረው አስተርጓሚ በግማሽ ቀንና በሙሉ ቀን ይከፈለዋል። እሷ በነፃ።

አጎት፦ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ፈተና ወስደሻል? በአማርኛ ትርጉም?

ተማሪ፦ በፌዴራል ደረጃ አሁን የማስተርጎም ፈተናና የምስክር ወረቀት ያለው ለስፓኒሽ ብቻ ነው። ለአማርኛ የለም።

አጎት፦ ስለዚህ አንቺ በጆሮሽ የሰማሽውን በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ፤ ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ጠበቃው «ማነው የተረጎመው?» ሲል አንቺ ምስክር ሆነሽ ትጠሪያለሽ። ልምምድ የሄደች ልጅ ምስክር ሳጥን ውስጥ! ደግሞ ተከሳሹ የማን ልጅ ይሆናል?

እናት፦ የዚሁ የኛው ነዋ። እናቱ ከኔ ጋር አንድ አጥቢያ ትሆናለች። እሑድ ቅዳሴ ላይ ምን ብዬ አያታለሁ?

ተማሪ፦ እማዬ፣ ወንጀል ከሠራ አበሻ ነው ተብሎ ይለቀቅ?

እናት፦ አላልኩም። ያጠፋ ይጠየቅ። ግን ለእናቱ ሲያለቅስ የሚሰማው ሰው ሥራው የሆነ፣ የተከፈለው፣ ምሎ የገባ ይሁን። አንቺን ለዚያ አልወለድኩሽም።

አጎት፦ ፍርዱን እሷ ሰጠችው። እኔ የምጨምረው የለኝም።

ተማሪ፦ እስከ አርብ መልስ እንፈልጋለን ብለውኛል። በሳምንት አራት ቀን ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዱን ቀንና ቅዳሜን አሁን በምሠራበት ካፌ እቆያለሁ። ሌላ ሥራ መያዝ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነም በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ የሕግ ድርጅት ካልሆነ አይቸግራቸውም ብዬ አስባለሁ።

አጎት፦ የሚያነብልሽንም ሰው ጠይቂ። ስሙን ጠይቂ፤ «ኃላፊ» ብለው እንዳይሸኙሽ።

ተማሪ፦ እጠይቃለሁ።

እናት፦ የሰኔንና የሐምሌን ኪራይ እኔ እችለዋለሁ። ነሐሴን አላውቅም። እና የአማርኛውን ነገር አሁኑኑ ጻፊላቸው፤ ከገባሽ በኋላ እንቢ ማለት ይከብዳል። አስተርጓሚ ካስፈለጋቸው ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰውዬ አለ፣ ስልኩን እሰጥሻለሁ። በሰዓት ነው የሚያስከፍል፤ አይቀንስምም።